ከወናፉ ጀርባ የነበረችው ሜኔጋ

በቬኒስ ስለነበረው ስለዚያ የወላጅ አልባ ሴቶች ቤት ሲወራ ሁሌም የሚነሡት መምህራኑ ናቸው። ማን ዜማ ደረሰ፣ የትኛው መስፍን መጥቶ ተደነቀ፣ የትኛው እንግዳ አለቀሰ። ኦርጋኑ ታዲያ በጸሎት ነበር የሚነፋው? ከኦርጋኑ ጀርባ ሁለት ሴቶች ቆመው ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ወናፍ ይረግጡ እንደነበር የጠየቀ አለ? የለም። እንግዲህ ከሁለቱ የአንደኛዋ ነገር ይኸውና።

ሜኔጋ ትባላለች። ሰዎች ሕፃን አስቀምጠው በሚሄዱበት የግድግዳ መስኮት የገባች ናትና የአባት ስም ይዛ አልመጣችም። በዚያ ቤት ስም የሚገኘው ከመዘምራኑ መዝገብ ነው። እዚያ የተጻፈች ልጅ በሙያዋ ትጠራለች፤ እከሊት ዘቫዮሊን፣ እከሊት ዘኦርጋን ትባላለች። ያልተጻፈችው እስክትሞት ድረስ ልብስ አጣቢ ናት፤ ስትቀበር እንኳ “አንዲት የቤቱ ልጅ” ተብላ ነው።

ልጆቹ ዓሥር ዓመት ሲሞላቸው ተሰልፈው ድምፃቸው ይፈተናል። ሜኔጋ ተራዋ ደርሶ አፏን ስትከፍት የወጣው ድምፅ የልጅ አልነበረም። ወፍራምና ሻካራ ነበር፤ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ፈታኟ ከት ብላ ሳቀች። “ይቺ ጥጃ ናት! ወደ ማጠቢያው ውሰዷት።” በቃ። ምሳ በደረሰበት ሰዓት በተጣለ አንድ ቀልድ የሰው ዕጣ ፈንታ ተወሰነ። ትንሽ ቆይተው እግሯ ጠንካራ መሆኑን አዩና ወናፍ አስረገጧት።

ሃያ ዓመት ረገጠች። ሃያ ዓመትም ሰማች። መዘምራኑ ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ የላይኛውን ድምፅ ይዘምራሉ፣ መካከለኛውንም ይዘምራሉ። የታችኛው፣ ባስ የሚሉት፣ ሴት አይደርስበትም ተብሎ ለትልቁ ባለ አውታር መሣሪያ ተትቷል። ሜኔጋ ያንን የተተወ ዜማ አንሥታ የራሷ አደረገችው። የወናፉ ጩኸት ስለሚሸፍናት እንደልቧ ትዘምር ነበር፤ የሚሰማት አብራት የምትረግጠው ጓደኛዋ ዛኔታ ብቻ ነበረች።

በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ አንድ የኅዳር ቀን በልምምድ መካከል፣ በቤቱ ሥር የሚያልፈው የውሃ ቦይ እርጥበት የትልቁን መሣሪያ አውታር በጠሰው። ዜማው የታችኛው ድምፅ የሚገባበት ቦታ ደረሰ። ቦታው ባዶ ነበር። ሜኔጋ ሳታስበው ሞላችው።

የመዘምራኑ መምህር አባ ሉናርዶ እጃቸውን አነሡ። ሁሉም ጸጥ አለ።

“ወንድ ያስገባ ማነው?”

“ወንድ የለም፣ የኔታ” አለች እትዬ ፓስኩዌታ። የመዘምራኑ አለቃ ናት፤ ሠላሳ ዓመት የዘመረች፣ አፍንጫዋን ሰቅላ የምትራመድ ሴት።

አባ ሉናርዶ ሄደው ወናፉን የሚሸፍነውን መጋረጃ ገለጡት። ሁለቱ ሴቶች እግራቸውን ወናፉ ላይ እንዳደረጉ ክው ብለው ቀሩ።

“ወናፉ ነው፣ የኔታ” አለች ዛኔታ ነገሩን ለማድበስበስ። “ቅባት ካገኘ ቆየ።”

“ወናፍ በላቲን ይዘምራል እንዴ?”

“እኔ ነኝ” አለች ሜኔጋ።

“እስኪ ድገሚው።”

ደገመችው። አዛውንቱ ካህን ኮፍያቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

ለገና አዲስ ቅዳሴ ጻፉላት፤ አንድ ቦታ ላይ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ባሱ ብቻውን የሚገባበት ቅዳሴ። እዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማጨብጨብ ነውር ነው። ሕዝቡ ደስ ሲለው ያስላል፣ እግሩን ወለሉ ላይ ይፈትጋል፣ ይናፈጣል። የሜኔጋ ድምፅ መዘምራኑን ከሕዝቡ ዓይን ከሚሰውረው ፍርግርግ ጀርባ ሲወጣ መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሳለ፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ሳል በሳል ሆነ።

“ስሚ፣ ዛሬ የከተማው ሳንባ ሁሉ ታሟል!” አለች ዛኔታ።

“ዝም ብለሽ እርገጪ” አለች ሜኔጋ። ፊቷ ግን እንደ ምድጃ ይነድ ነበር።

ጾም እስኪገባ ድረስ ጀልባ ቀዛፊው ሁሉ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። “መነኮሳይቱ አንድ ጎረምሳ ከነጢሙ ደብቀዋል” ይላሉ። ሰው ሊሰማ ይጋፋል። የሰማው ሁሉ አባ ሉናርዶን ያመሰግናል። የሜኔጋን ስም የሚያውቅ ከቤቱ ውጪ አንድ ሰው የለም፤ በመዝገብ የለችማ!

ስለዚህ ጠየቀች። የአስተዳዳሪዎቹ አለቃ ሲኞር ፋንቲን በጉብኝት ቀን ሲመጡ ፊታቸው ቆማ፣ “ስሜ ይጻፍልኝ” አለች።

“ደንቡ ግልጽ ነው” አሉ። “መዝገብ የምትገባው በዓሥር ዓመቷ ተፈትና ያለፈች፣ የቤቱ መምህር ያስተማራት ናት። አንቺ ወድቀሻል።”

“የወደቀችውስ ፈታኟ ናት፣ ጌታዬ።”

“ምን ጎደለሽ? በየእሑዱ የዶሮ ብልት ይጨመርልሽ። ማገዶም ከመዘምራኑ እኩል።”

“ዶሮ ስም አይሆነኝም።”

እትዬ ፓስኩዌታ ከጎን ሆና አላስቻላትም። “ልብስ አጣቢ ከእኔ ስም ሥር ልትጻፍ! ነገ ደግሞ ድስት አጣቢዋ ቫዮሊን አምጡ ትላለች።”

“ከቻለችበት ምን አለበት፣ እትዬ?” አለች ሜኔጋ።

“ከበሩ ውጪ ምን እንደሚጠብቅሽ ታውቂያለሽ?” አሉ ሲኞር ፋንቲን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጥሪት የሌላት፣ ዘመድ የሌላት ሴት ከዚያ ቤት ከወጣች ወዴት እንደምትደርስ ሁሉም ያውቃል።

“አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ቤቱ አሳድጎኛል፤ ወናፉን እረግጣለሁ። ነፋሱ የቤቱ ነው። ድምፁ ግን የእኔ ነው። ስሜ እስኪጻፍ አፌን አልከፍትም።”

ልብ በሉ! ድምፁን ይፈልጉታል፤ ባለቤቷን አይፈልጓትም። እንዲህ ያለው ሌብነት በየዘመኑ አለ፤ ሌባው ግን ሁልጊዜ “ደንብ ነው” ይላል።

ትንሣኤ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ እስከ በሩ ሞላ፤ ከውጪ ጀልባዎቹ ተጣብቀው ቦዩን ዘጉት። ሜኔጋ ከንጋት ጀምሮ ረገጠች፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላጓደለችም።

“አንቺ፣ ያባርሩናል” ብላ አንሾካሾከች ዛኔታ። “ትንሽ እንኳ አጉረምርሚ።”

“እርገጪ!”

የባሱ ቦታ ሲቃረብ ዜማው ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ጥርሷን ነከሰች። መዘምራኑ ዝም አሉ፤ የአባ ሉናርዶ እጅ ወደ መጋረጃው እንደተዘረጋ አየር ላይ ቀረ። የወናፉ ሲጥሲጥታ ብቻ ተሰማ። እትዬ ፓስኩዌታ ደንግጣ የራሷን ዜማ ያለቦታው ጀመረች። ቅዳሴው እንደ ሽባ እየተጎተተ አለቀ። አንድ ሰው አልሳለም። አንድ እግር አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ጭር ባለ ዝምታ ከበሩ በኩል አንድ ጀልባ ቀዛፊ፣ “ሰውዬው የት ሄደ? ጉንፋን ያዘው እንዴ?” አለ፤ ሕዝቡም ሳቀ።

ማክሰኞ ሰባቱ አስተዳዳሪዎች ተሰበሰቡ። ሲኞር ፋንቲን ትባረር አሉ፤ አባ ሉናርዶ እጃቸውን ከማፋተግ በቀር አልረቡም። እትዬ ፓስኩዌታ ተጠራች። ሜኔጋ በሩ አጠገብ ቆማ ጣሪያውን ታያለች፤ ከዚህች ሴት አፍ ምን እንደሚወጣ ታውቃለችና።

“አልወዳትም” አለች እትዬ ፓስኩዌታ። “ትዕቢተኛ ናት። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ስዘምር ሰው ሳይስልልኝ ወርጄ አላውቅም። እሑድ ወረድኩ። እሷ አፏን ስትዘጋ የሁላችንም ተዘጋ። እኔ ያልደረስኩበትን ድምፅ አልዋሽበትም። ጻፏት።”

አስተዳዳሪዎቹ ድምፅ የሚሰጡባቸው የጨርቅ ኳሶች በየሳጥኑ ተጣሉ። አምስት ለይጻፍ፣ ሁለት ለአይጻፍ።

ከዚያ በኋላ ሜኔጋ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዘመረች። ደንቡ በሚያዘው መሠረት ሁለት ተተኪ አሳድጋለች፤ ሁለቱንም የመረጠችው ከልብስ ማጠቢያው ነው። ዕድሜ ልኳን የምታወራው ግን ያንን ማክሰኞ ነበር። ጸሐፊው ትልቁን መዝገብ ገልጦ የላባ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ነበር።

“ስም?”

“ሜኔጋ።”

“ሙያ?”

“ባስ።”

“ያስተማረሽ?”

አባ ሉናርዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሜኔጋ ዞር ብላ አየቻቸው።

“የኔታ አገኙኝ እንጂ አላስተማሩኝም።”

“ባዶ አይተውም” አለ ጸሐፊው ተበሳጭቶ። “ቀለሙ እየደረቀ ነው፣ ሴትዮ!”

“እንግዲያው ራሷን ያስተማረች ብለህ ጻፍ።”

ጸሐፊው ወደ ሲኞር ፋንቲን አየ። ሲኞር ፋንቲን ወደ መስኮቱ አዩ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ተፋጨ።

ሜኔጋ ማንበብ አትችልም። በመዝገቡ ላይ ጎንበስ ብላ ፊደሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ ቀና አለች።

“እትዬ፣ እስኪ ያንብቡልኝ።”

እትዬ ፓስኩዌታ ቀረብ ብላ አነበበች። “ሜኔጋ ዘባስ። ራሷን ያስተማረች።”

“እንደገና።”

እትዬ ፓስኩዌታ ገላመጠቻት። ከዚያም፣ ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩለው ጆሯቸውን የደቀኑት ልብስ አጣቢዎች እንዲሰሙ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።