የልጄ ፎቶ ከኮሌጁ በር ላይ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቶ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ስለነበር ቤቱን ጥዬ መሄዱ አላሳሰበኝም። ልጄ ደወለች። ቡሬ የተማረችበት የግል ኮሌጅ ስመ ጥር ምሩቃኑን ሊያከብር ነው፤ እሷም አንዷ ናት።

«እያንዳንዱ ከወላጁ ጋር ነው መድረክ የሚወጣው» አለችኝ። «እናቴ የለች። እርስዎ ካልመጡ ብቻዬን አልወጣም፣ አባዬ።»

እኔ ፊደል ቆጥሬ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ስመ ጥር የሚባል ከቤቴ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ኮሌጅ ስትገባ ጎረቤቶቼ «የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያልጠራትን ልጅ አንተ ምን ብለህ ታስተምራለህ?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ከርመዋል። የከብት ሕክምና ተምራ ሽንዲ ላይ መድኃኒት ቤት ከከፈተች ወዲህ ግን እነዚያው ሰዎች፣ ላማቸው አልበላ ባለች ቁጥር «እስቲ ለዚያች ልጅ ደውልልን» ይሉኝ ጀመር።

በማለዳ አዲሱን ጋቢዬን ለብሼ ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንዴ እወርዳለሁ፣ አንዴ እወጣለሁ። ረዳቱ «አባባ፣ ሙሽራው እርስዎ ነዎት እንዴ? ቁጭ ይበሉ እንጂ» ብሎ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ላገኘሁት ሁሉ ስለ ልጄ አወራሁ፤ ቡሬ ስንደርስ እሷን የማያውቅ ተሳፋሪ አልነበረም።

ባጃጁ ከኮሌጁ በር አወረደኝ። ቀና ስል ድንኳን ተጥሏል። ነጭ የለበሱ ሴቶች በብዛት ተቀምጠዋል። ከበሩ ጎን የልጄ ፎቶ፣ ሰው የሚያህል ሆኖ፣ ዙሪያውን አበባ ተደርጎለት ቆሟል። የሌሎችም ፎቶ አጠገቡ ነበር፤ እኔ ግን የእሷን ብቻ ነው ያየሁት። በእኛ አገር የሰው ፎቶ እንዲያ ጎልቶ ከድንኳን ደጃፍ የሚቆመው ለለቅሶ ነው። በዋዜማው ድምፅዋን በስልክ መስማቴን ረሳሁት። ጋቢዬን አውርጄ ወገቤ ላይ አሰርኩና «ልጄን፣ ልጄን» እያልኩ መሬት ላይ ወደቅሁ።

በሩ ላይ የምትፈትሽ የጥበቃ ሠራተኛ ሮጣ መጥታ ክንዴን ያዘች።

«አባባ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ይቺው ናት፣ ልጄ።»

ፎቶውንም እኔንም አየችና ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። «ኧረ አባባ! ልጅዎ አሁን ከቢሮው ውስጥ ናት፤ አባቴ ካልመጡ አልወጣም እያለች ሰዎቹን ስታስጨንቅ ነው ያረፈደችው። ፎቶው ለክብር ነው። ደግሞም አዲስ ተማሪ አይቶ እንዲመዘገብ ነው፤ ኮሌጁ ነጋዴ አይደል?»

እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ሐፍረት ያዘኝ። ፊቴ በእንባ ርሷል፣ ጋቢዬ አቧራ ሆኗል፤ ያየኝ ሰው ሁሉ እዚያው ተቀምጧል። በክብሯ ቀን ልጄን ያለቀስኩ ሰው እንዴት አጠገቧ እቆማለሁ?

«አልደረሱም በያት» አልኳት።

«እኔ እንዲህ ያለ ውሸት አልናገርም» አለች።

ቧንቧ ጋ ወስዳ ፊቴን አስታጠበችኝ። ጋቢዬን ፈታ አራገፈችና መልሳ ደረበችልኝ። በሩን ለባልደረባዋ ትታ፣ እጄን ይዛ በሰዉ መካከል አሳለፈችኝ። ለቅሶዬን ያዩት ሴቶች ጋ ስንደርስ «የከብት ሐኪሟ አባት ናቸው፣ እስቲ መንገድ ልቀቁ» አለቻቸው፤ ሁሉም ብድግ አሉልኝ።

የልጄ ስም ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ መድረኩ ሥር ደረስን። ልጄ አየችኝና እየሮጠች መጥታ ጉልበቴን ሳመች። ተያይዘን ወጣን። እልልታው ሲቀልጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሳላውቀው እየዘለልኩ ነበር አሉ።

ልጄን ስመ ጥር ያሰኛት የራሷ ድካም ነው። እኔን ከጎኗ ያቆመችኝ ግን ያቺ የበር ፈታሽ ናት።