በደረቅ አፍ አይጠራም

እኔ ቡና የጠላሁት ቀምሼው አይደለም፤ እናቴን አይቼ ነው። እናቴ ጂንካ ገበያ ዳር ጨውና ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ጠዋት ቡናዋን ካላገኘች ሰው አትሆንም። ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ ትቀመጣለች፤ ያን ሰዓት ገዢ ቢመጣ እንኳ «ነገ ና!» ብላ ትመልሰዋለች። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እልኸኛ ነኝ። ለዚህ ጥቁር ውሃማ አልገዛም ብዬ ማልኩ። ጎረቤቶቻችን «ቆይ ባል አግቢና ራስሽን ሲፈልጥሽ እናያለን» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አድጌ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም ሲኒ ሲያቀብሉኝ እጄን ዘርግቼ እከለክላለሁ። ቡና የማይጠጣ ሰው ባለበት ወሬ አይደምቅም መሰለኝ፣ ቀስ በቀስ መጥራቱንም ተዉኝ። ደግ አደረጉ፣ ገላገሉኝ አልኩ።

እናታችን ስትሞት ወንድሜ ድምፁ ገና አልጎረነነም ነበር። ከእሱ ሌላ እኔም ማንም የለኝ፣ ከእኔ ሌላ እሱም ማንም የለው። አሳደግኩት ማለት ያሳፍረኛል፣ ተያይዘን አደግን ብል ይሻላል። ወሬኛ ነበር። እንጀራ አፉ ውስጥ ሆኖ ያወራል፣ እንቅልፍ እየወሰደው ያወራል። አንዳንድ ቀን «አንተ ልጅ፣ ትንፋሽ እንኳ አትወስድም?» ብዬ እጮህበታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ኳስ ሲጫወት ለውትድርና አፈሱት። ጂንካን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አውሮፕላን ካልመጣ ያ ሜዳ የከብትና የኳስ ነው። እየሮጥኩ ስደርስ የጫናቸው መኪና ሄዷል። ላሞቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ሣራቸውን ይግጣሉ። ከማሠልጠኛው አንድ ጊዜ ደህና ነኝ ብሎ ላከብኝ። ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ግን ወሬው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ጂንካ እሾህ ሆነችብኝ። ሱቅ ስገባ «ወሬ አለ?» ይሉኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም «ወሬ አለ?»፤ ውሃ ስቀዳ «ወሬ አለ?»። ለክፋት አይደለም፣ አዝነውልኝ ነው። ግን በየቀኑ «የለም» ማለት ልጁን በየቀኑ መቅበር ሆነብኝ። ያኔ ሐመር የሚሄድ አስተማሪ ጠፍቶ ነበርና እጄን አወጣሁ። ባልደረቦቼ አበደች አሉ። ይበሉ!

ትምህርት ቤቱ ከቱርሚ ወጣ ብሎ ያለ ጭቃ ቤት ነበር፤ ክፍሉ አንድ፣ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ምጣድ። ዘበኛው እዚያው የተወለደ ሐመር ነው። ጂንካ ፖሊስ ጣቢያ ሲላላክ አማርኛ ለምዷል፤ ወንድና ሴት መለየቱ ላይ ብቻ አይጨነቅም። ለሁሉም «አንተ» ነው፤ እኔም «አንተ» ነኝ። አልቀየምኩም፣ የእኔን ሐመርኛ ብትሰሙት ከዚያም የባሰ ነበር።

በደረስኩ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ይኸው ዘበኛ አባቱ ቤት ወሰደኝ። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ በእጅና በጉልበቴ ተሳብኩ። ውስጡ ጨለማ ነው። እናቱ ትልቅ ማሰሮ ሥር እሳት ታቀጣጥላለች፤ አባቱ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ፣ በርኮታ በሚሏት ትንሽ የእንጨት መቀመጫው ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቶችም ቁርበት ላይ ተደርድረዋል። ማሰሮው ውስጥ የሚፈላው የቡናው ፍሬ ሳይሆን ገለባው ነው። ሸፈሮ ይሉታል። በግማሽ ቅል ቀድታ መጀመሪያ ለሽማግሌው ሰጠችው። ተጎነጨና አፉን ሞልቶ ፉፍፍ! አድርጎ ወደ በሩ ረጨው፤ ካፊያው ቀሚሴ ላይ አረፈ።

«እንዴ! ሰውዬው ተፋብኝ እኮ!» አልኩ።

ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አልተፋም፣ አስተማሪ። መረቀ።»

ሽማግሌው በእኔ ጩኸት ዞርም አላለ። እየረጨ መጥራት ጀመረ፤ ዘበኛው በጆሮዬ ይተረጉምልኛል። ዝናብ ይምጣ ይላል ሽማግሌው፤ ቤቱ ሙሉ «ይምጣ!» ይላል። ከብቱ ጠግቦ ይምጣ ይላል፤ «ይምጣ!» በሽታ ይሂድ ይላል፤ «ይሂድ!» ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ በጎርናና። ከዚያ ቅሉ ወደ እኔ መጣ። ቅል አትበሉት፣ የፊት መታጠቢያ ነው የሚያክለው። «ራሴን ያመኛል» ብዬ ዋሸሁና ተሰናብቼ ወጣሁ። ቀሚሴን ሳጥብ ዋልኩ።

ብዙ ሳምንት አልተመለስኩም። አንድ የገበያ ቀን ቱርሚ ላይ በቆሎ የጫነ ሹፌር ሰሜን ውጊያው እንደከፋ፣ ቁስለኛ በአውቶቡስ እየተጫነ እንደሚመጣ ለሰው ሲያወራ ሰማሁ። ቤቴ ደረስኩና በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ዓይኔ አብጦ ሳስተምር የዘበኛው እናት ፍየሎቿን እየነዳች ስታልፍ አየችኝ። ዝም ብላ አላለፈችም፤ ገባች፣ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችው። ልጇ እየተረጎመ ሁሉንም ነገርኳት።

ሰማችኝና ተቆጣች። ዘበኛው ቃሏን መለሰልኝ፦ «ታዲያ ለምን አላስጠራኸውም?»

«ማንን?»

«ወንድምህን ነዋ! ከብት ሲጠፋ ይጠራል። ሰው ሲጠፋ ዝም ይባላል?»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። በነጋታው ጎሕ ሳይቀድ በዚያ ዝቅተኛ በር ተሳብኩ። ሽማግሌው የወንድሜን ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አፉ ውስጥ ቢያገላብጠው አልገባለትም። «የአስተማሪዋ ወንድም እንለዋለን» አለ። ደግሞ «ወዴት ነው ያለው?» አለኝ። ሰሜን አልኩ። ሰሜን ወዴት ነው? እኔ ሰሜንና ደቡብ አስተምሬ የምበላ ሰው፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሰሜኑ ጠፋኝ! ዘበኛው በሩን ከፈት አድርጎ ኮከብ አየልኝና እጄን ቀሰርኩ። ሽማግሌው በርኮታውን አንስቶ ፊቱን ወደዚያው አዞረ። ቤቱ ሙሉ ሰው አብሮት ዞረ።

ቅሉ መጣ። «እኔ ቡና አልጠጣም፣ ስትጠሩት ብቻ ልስማ» አልኩ።

ሽማግሌው ሳቀም አልተቆጣም። «በደረቅ አፍ አይጠራም» አለ።

ያዝኩት። ሙቀቱ በቅሉ አልፎ መዳፌ ድረስ ተሰማኝ። ለእሱ ስል መርዝም ቢሆን እጠጣለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ተጎነጨሁ። ምላሴ ተቃጠለ፤ የጭስና የእርጥብ ቅጠል ጣዕም ነው፣ ፊቴ ተጨማደደ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። ሽማግሌው ግን አፉን ሞልቶ ወደ ሰሜን ረጨና «የአስተማሪዋ ወንድም ይምጣ!» አለ። «ይምጣ!» አሉ። አይተውት አያውቁም፤ አገሩን አያውቁትም፤ ጦርነቱ የማንና የማን እንደሆነ እንኳ ያወቁ አይመስለኝም። ግን «ይምጣ!» ሲሉ የገዛ ልጃቸው ነው የጠፋው የሚመስለው። እኔም «ይምጣ!» አልኩ። ድምፄ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ፤ ከታፈሰበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ያቺን ቃል ጮክ ብዬ ብያት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልቀረሁም። መጀመሪያ መጀመሪያ እንደ ኪኒን ነበር የምውጠው። ጎንጨት፣ ጭምድድ፣ «ይምጣ!»። እየቆየሁ ግን የሆነ ነገር ሆንኩ። መቼ እንደሆነ ቀኑን አላስተዋልኩትም። አንድ ጠዋት ዝናብ ጥሎ ስላደረ ፍየሎቹ በር ላይ ያስነጥሳሉ፣ ቤቱ ውስጥ የእርጥብ አፈር ሽታ ገብቷል። ቅሉን ተቀበልኩና ትንፋሼን ሳልይዝ ጠጣሁ። ወይ ጉድ! ይሄ ነበር እንዴ? ምሬት የለውም። ለስለስ ይላል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ፍሬ ሽታ አለው፤ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ሥር እንደ ማር ያለች ነገር ትቀራለች። ሙቀቱ ከደረቴ ወርዶ እግሬ ድረስ ሄደ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳላውቀው ኖሬያለሁ። ቅሉን ሳልሰጥ ቀና ስል ሁሉም እያዩኝ ነው። አሮጊቷ ሳትጠየቅ ደገመችልኝ፤ እኔም እንቢ ሳልል ደገምኩ። እናቴን ያን ቀን ነው የታረቅኳት። ራሷን ጠፍራ የምትጠብቀው ይሄን ኖሯል!

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ወደ ጂንካ ተዛወርኩ። ከገበያ ገለባ እየገዛሁ አፈላለሁ። ጎረቤቶቼ «ጭራሽ ያልጠጣሽው ይሻል ነበር! ሰው የሚጥለውን ገለባ?» ብለው በሳቅ ተንፈራፈሩ። እኔ እቴ! ፍሬውንም ለምጄዋለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ ገለባው ይበልጥብኛል። መጥራት ግን ቀረ። ብቻዬን «ይምጣ» ብል ማን «ይምጣ» ይለኛል? ሐመሮቹም እኔ ስሄድ ነገሩ አብሮኝ ሄዷል አልኩ። ስንት የራሳቸው ሐሳብ አላቸው፤ ድርቅ አለ፣ ከብት አለ።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ወታደሩ ከየአቅጣጫው በእግሩ ወደየቤቱ ተመመ። ወንድሜም መጣ። ከአርባ ምንጭ በመጣ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መጣልኝ። እልልታዬን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አጥንት ብቻ ነበር፤ ይሁን፣ አጥንት ሥጋ ያወጣል። የከበደኝ አፉ ነው። ያ ወሬኛ ልጅ ጠፋ። «በላህ?» ስለው ራሱን ይነቀንቃል፤ «አሞሃል?» ስለው ግድግዳ ያያል። የሰጠሁትን ሸፈሮ ይጠጣል፣ ቅሉን ያስቀምጣል፣ ግድግዳውን ያያል። ገላው ነው የመጣልኝ፣ እሱ ገና አልመጣም እያልኩ ማድቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። በመጨረሻ «ተነሳ፣ የማስተዋውቅህ ሰዎች አሉ» አልኩትና በዲመካ በኩል ሄደን ቱርሚ አደርን። ሳይነጋ በእግር ወጣን።

ሽማግሌው ቤት ስንደርስ ጥሪው ተጀምሯል። ተሳብኩ፤ እሱም ተከተለኝ። አሮጊቷ አየችኝና አፏን ይዛ ቀረች፤ ጥሪ አይቋረጥምና በእጇ ተቀመጡ አለችን። ሽማግሌው አርጅቷል፣ ዓይኑ ነጭ ለብሷል፣ መግባታችንንም አላየም። ዝናብ ጠራ፣ ከብት ጠራ። ከዚያ ተነሳና በርኮታውን እየዳበሰ አዞረው። ቤቱ ሙሉ ሰው አብሮ ዞረ። ወደ ሰሜን ነው። ክው አልኩ። አፉን ሞልቶ ረጨና በዚያ በተሰበረ ድምፁ «የአስተማሪዋ ወንድም ይምጣ!» አለ።

«ይምጣ!» አሉ ሁሉም።

ወንድሜ ሐመርኛ አያውቅም። እንባዬ ሲወርድ አየና «ምንድን ነው የሚሉት?» አለኝ። ከመጣ ጀምሮ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

«አንተን ነው» አልኩት። «ይምጣ እያሉህ ነው። እኔ ከዚህ ከሄድኩ ስንት ዓመቴ፣ ሳይተዉህ፣ በየጠዋቱ።»

ዘበኛው በዚያች ሰዓት ነው ያስተዋለን። «አባባ፣ መጥቷል! እዚህ ተቀምጧል!» ብሎ በቋንቋቸው ጮኸ። ቤቱ ተተራመሰ። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ የወንድሜን ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ዳሰሰው፤ የደነቀው አይመስልም፣ ይልቁንም እንደ መቆጣት አለ።

ዘበኛው ተረጎመ፦ «'ይህን ሁሉ ጊዜ ስንጠራህ የት ነበርክ?' ይልሃል።»

ወንድሜ «እየመጣሁ ነበር፣ አባባ» አለ።

አሮጊቷ ቅሉን ሞልታ ሰጠችው። በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ፤ አልጠጣም። እኔም ወደዚያ ወደ ግድግዳው ሊመለስብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ወደ ዘበኛው ዞረ።

«ጓደኛም ይጠራል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» አለው። «እዚያ ብዙ ልጆች ቀርተዋል።»

ዘበኛው ለአባቱ ነገረው። ሽማግሌው በርኮታው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ ወደ ሚስቱም ዞሮ «ውሃ ጨምሪበት» አላት።