የጋሽ ጆሮ ጆሮ

በወርክሾፑ ውስጥ እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብረት ሲቀርጹ ኖረው፣ የብረት መቅረጫው ቶርኖ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር በድምፁ ብቻ ስለሚያውቁ «ጋሽ ጆሮ» ተባሉ፤ ስሙም በዚያው ጸና። አዲሱ ባለኮምፒውተር ቶርኖ ከመጣ በኋላ እንኳ አስቀድመው ያዳምጡና ስክሪኑን ኋላ ያዩታል፤ ጎበዝ ተማሪ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ እንደሚያመሳክር።

ሰኞ ጠዋት ግን ነገሩ ተምታታባቸው። ማሽኑን በደቂቃ አራት መቶ ዙር አዘዙት። ጆሯቸው አራት መቶ ሰማ። ስክሪኑ ስምንት መቶ አለ፤ ወዲያውም «ፍጥነት አልፏል» ብሎ ማሽኑ ቀጥ አለ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ ተጠራች።

«ሞተሩ ፈርጥጧል» አለች።

«አልፈረጠጠም። አራት መቶ ነው።»

«ጋሼ፣ ስክሪኑን ይዩት እንጂ።»

«አየሁት። የሰማሁት ግን ሌላ ነው።»

«እንግዲህ ከእርስዎና ከስክሪኑ አንዳችሁ ተሳስታችኋል» ብላ ሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። ባለቤታቸው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ «አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህ ከድቶሃል፤ ሦስቴ ካልጠሩህ አትሰማም» እያሉ ይነዘንዟቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ግን እስከዚህ? ጆሮው ከሄደ ምን ይቀራቸዋል? ስሙስ?

ሁለት ቀን በግራ መጋባት አለፈ። የሞተሩ መቆጣጠሪያ ተቀየረ፤ ስምንት መቶ። ዙሩን የሚቆጥረው ሴንሰር ሽቦ ተቀየረ፤ ስምንት መቶ። ረቡዕ ላይ ጋሽ ጆሮ ራሳቸውም ስምንት መቶ የሚሰሙ መሰላቸውና ፈሩ።

በመጨረሻ ኪሳቸውን ዳብሰው ጠመኔ አወጡ። ብረቱን በሚይዘው መንጋጋ ላይ አንድ መስመር አሰመሩና ማሽኑን በደቂቃ ሠላሳ ዙር አዘዙት። ስክሪኑ ስልሳ አለ።

«አንቺ ሰዓት ያዢ፤ እኔ መስመሩን ልቁጠር።»

ደቂቃው ሲሞላ ሠላሳ ቆጠሩ።

«ቆይ፣ ዘልዬ ይሆናል። አሁን አንቺ ቁጠሪ።»

እሷም ሠላሳ ቆጠረች። «ታዲያ አንዱን ሁለቴ የሚቆጥረው ማነው?» ብላ የኋላውን ክዳን ፈታች።

እዚያ ከዋናው ዘንግ ጋር የሚዞር ጥቁር ዲስክ አለ፤ በጠርዙ አንድ ነጭ ምልክት፣ ከፊቱ ደግሞ ነጩን ባየ ቁጥር «አንድ» የሚል ትንሽ የሴንሰር ዓይን። ከነጩ ምልክት ትይዩ ግን አንድ ሌላ ቦታ እንደ መስታወት ያበራል።

«ይሄን ማን ወለወለው?»

ጋሽ ጆሮ ራሳቸውን አከኩ። ቅዳሜ ክዳኑን ፈትተው ማሽኑን ሲያጸዱ እዚያች ላይ ዝገት አይተው በብርጭቆ ወረቀት ፈትገዋታል። ዝገት አይወዱም።

«ጆሮዬን ስጠረጥር» አሉ፣ «ለካ እጄ ኖሯል።»

«መቼም የእርስዎ ጽዳት ለጉድ ነው» አለችና የተወለወለውን ቦታ ጥቁር ቀለም ቀባችው። ሲደርቅ አራት መቶ አዘዙ፤ አራት መቶ ሰሙ። ቀና ብለው ስክሪኑን ለማየት ግን ትንሽ ዘገዩ። አራት መቶ።

ቤታቸው ሲደርሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ ነገሩን ከነጠመኔው ለባለቤታቸው ተረኩ። «ስለዚህ ጆሮዬ ደህና ነው፤ ተቆጥሮ ተረጋግጧል።»

ባለቤታቸው ከጓዳ አንድ ነገር አሉ።

«ምን አልሽ?»

«ሦስተኛዬ ነው።»

«አንዴ ነው የሰማሁት።»

«ሦስቴ ነው ያልኩት።»

ጋሽ ጆሮ ግራ እንደገባቸው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ጠመኔው እዚያው ነበር።