አዳዳ ያላስቆረጡት ፎቶግራፍ

የአባቴን እህት አዳዳ እላቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት በነጠላቸው ጫፍ የአንድ ፎቶግራፍ መስታወት ይወለውሉና «ልጆቼ፣ ደህና አደራችሁ?» ይሉ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው በተማሪ ልብስ ተቃቅፈው ቆመዋል። ታናሹ በቀይ ሽብር ተገደለ። ታላቁ በዚያው ዘመን አብዮት ጥበቃ ነበር፤ ባለቤቴን ከቤቴ የወሰደው እሱ ነው። ባለቤቴ አልተመለሰም። እሱም ኋላ እስር ቤት ሞተ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰማዕታት ፎቶግራፍ የሚሰበስቡ ወጣቶች ጉደር፣ አዳዳ ቤት መጡ።

«እማማ፣ የታናሹን ብቻ ቆርጠን እንወስዳለን» አሏቸው።

«የታላቁ ክንድ ትከሻው ላይ ነው እኮ። እሱንስ ምን ልታደርጉት ነው?» አሉ አዳዳ።

ወጣቶቹ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር።

አዳዳ ባለፈው ክረምት ሊያርፉ ሲሉ ፎቶግራፉን ሰጡኝ። «አደራ፣ አንቺ አታስቆርጪውም» አሉኝ። አሁን ግድግዳቸው ላይ የቀረው ሚስማሩ ብቻ ነው።

አምቦ ይዤው መጣሁ። እንዳልሰቅለው ግድግዳዬ ላይ የባለቤቴ ፎቶግራፍ አለ፤ እንዳልጥለው አደራ ነው። በፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ጠዋት ጠዋት አወጣውና መስታወቱን እወለውላለሁ። «ደህና አደራችሁ?» ማለት ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም።