ከዓይኔ ጀርባ የሚወጋኝ

እናቴ ዓይኗ ከመጥፋቱ በፊት ቅንድቧን በመዳፏ ተጭና ትቀመጥ ነበር። ያኔ የምንኖረው ደሃና በሚባል አገር ነበር። "ከዓይኔ ጀርባ ይወጋኛል" ትል ነበር። በኋላ ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ ጀመረች።

ስለዚህ እኔንም ከቀኝ ዓይኔ ጀርባ መውጋት ሲጀምረኝ ለማንም አልተናገርሁም። ጭንቅላቴን በሻሽ ጠፍሬ አስሬ እውል ነበር። ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ቆሜ ግራ ዓይኔን በእጄ እከድንና ማዶ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት እፈልጋለሁ። መስቀሉ ከታየኝ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ጉም የወረደ ቀን ግን መስቀሉን የጋረደው ጉሙ ይሁን ዓይኔ ስለማላውቅ፣ እስኪገልጥ ከደጁ አልነቃነቅም።

አንድ ቀን ልጄ ደረሰችብኝ።

"ምን እያየሽ ነው?"

"አየሩን።"

"አየር ባንድ ዓይን ነው እንዴ የሚታየው?"

ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ የእናቴን ነገር ሰምቶ ዓይኔን ደጋግሞ መረመረና "ደህና ነው" አለ። የደበቀኝ መሰለኝ። ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሲልከኝ ደግሞ ባሰብኝ። ዓይን የታመመ ሰው ወደ መታሻ ክፍል የሚላከው ተስፋ ሲቆረጥ ነው ብዬ አሰብሁ።

ባለሙያዋ በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት።

"እማማ፣ ቀን ቀን ምን ይሠራሉ?"

"ጥጥ እፈትላለሁ።"

"እስቲ ያሳዩኝ።"

እንዝርት እንደያዘ ሰው ቀኝ እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ አንገቴን አዘነበልሁ።

"እንደዚህ ሆነው ይውላሉ?"

"ታዲያ ተኝቶ የሚፈትል አለ?"

ሳቀች። በአውራ ጣቷ ከአንገቴ ሥር እስከ ትከሻዬ ዳበሰችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር ነው። ቀስ ብላ ስትጫነው ከዓይኔ ጀርባ ወጋኝ፤ ያው የማውቀው ሕመም። እጇን ያዝሁ።

"የት ተሰማዎት?"

"ዓይኔ ጋ። አንቺ የነካሽው ግን ትከሻዬን ነው።"

"የሚነሣው ከዚህ ነው። ጡንቻው ተቋጥሮ ሕመሙን ወደ ላይ ይልከዋል። ይተንፍሱ።"

ሳትለቅ ቆየች። ቋጠሮው ከጣቷ ሥር ሲላላ የዓይኔም ውጋት ረገበ።

"እንደገና ተጫኚው" አልኋት።

"ያማል እኮ።"

"ይመም።"

ካልሲ ጠቅልዬ ኳስ እንድሠራ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቋጠሮውን በዝግታ እንድጫን፣ ሙቅ ጨርቅ እንዳደርግበት፣ ስፈትልም በየመካከሉ እየተነሣሁ አንገቴን እንዳፍታታ አሳየችኝ። እጄን ከደነዘዘኝ ወይም ዓይኔ ከደበዘዘ ቶሎ እንድመለስ አስጠነቀቀችኝ።

አሁን ውጋቱ ሲመጣ ኳሷን ከትከሻዬ ሥር አደርጋለሁ። ሕመሙ ጨመር ብሎ ሲረግብ ልቤም አብሮ ይረጋል። ሻሹን ጠፍሬ ማሰር ትቻለሁ። ጠዋት ግራ ዓይኔን መክደኑን ግን አልተውሁም። ትናንት ጉም ወርዶ ነበር። ኳሷን ከጀርባዬ አድርጌ የደጄን ግድግዳ ተደግፌ እስኪገልጥ ጠበቅሁ።