የቦዩ ቲማቲሞችና ቀና በል

ፀጉር አስተካካይ፦ ስለታም ምላጭ በሰው ጉሮሮ ላይ አሳርፎ ሐሳቡን እንዲጠይቀው የተፈቀደለት ብቸኛ ሰላማዊ ዜጋ ነው። ተጠያቂው፣ እንደ ተፈጥሮ ሕግ፣ ይስማማል። ባለሙያውም ከጊዜ ብዛት ሰውን የሚያሳምነው አንደበቱ እየመሰለው ይሄዳል፤ የምላጩን ድርሻ ደፍሮ የሚነግረው የለም።

ሰፈሩ «ቀና በል» የሚለው ሰው የዚህ ትርጓሜ ሕያው ምስክር ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ተራ፣ «ቀና በል» ይባላል። ምሳው ዘወትር ቲማቲም በዳቦ ነው፤ ሳህኑን በሩ ሥር ባለው ቦይ ያለቀልቃል። ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ጠዋት መጥረጊያውን ይዞ ጎንበስ ቢል፣ በቦዩ ደለል ላይ የቲማቲም ችግኝ እንደ ሕፃን ፀጉር ችምችም ብሎ በቅሏል።

«ወለድኩ!» ብሎ ጮኸ።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ማንን?»

«ቲማቲም!»

«ምነው ቀኑን ብትመርጥ! ዛሬ ከሰዓት ቦዩ ሊጠረግ አይደል እንዴ? የጠረጋው አለቃ ትናንት በየሱቁ ሲለፍፍ የት ነበርክ?»

ቀና በል መጥረጊያውን ጣለ። ችግኞቹ በአካፋ ተዝቀው ከቆሻሻ ጋር ሊጫኑ! ሱቁ ከአንድ ወንበርና ከአንድ መስታወት የተረፈ ቦታ የለውም፤ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳውን ሚስቱ «የልብስ ማስጫ ነው፣ አለቀ» ብላ ይዛዋለች። እንግዲህ ጠራጊዎቹ ሳይደርሱ ለሁሉም አሳዳጊ መገኘት ነበረበት።

ባዶ የሻምፑ ዕቃዎችን በመቀስ ገምሶ፣ ችግኞቹን በማበጠሪያ ጭራ ከነአፈራቸው እያነሳ ያሰፍር ጀመር። እስከዚህ ድረስ ከአትክልተኛ አያንስም ነበር። ነገር ግን ሙያ አመል ነው፤ አንዱ ረዘም ሌላው አጠር ማለቱ ዓይኑን ቆረቆረው። መቀሱን አነሳና የፊተኞቹን አናት እኩል አደረገው።

ልብስ ሰፊዋ እጇን በአፏ ጫነች። «አንተ ሰውዬ! ቲማቲም እንደ ምልምል ወታደር ይከረከማል? ጫፉን ቆርጠህ በየት በኩል ይደግ?»

«ትንሽ ነው የነካኋቸው» አለ ደንግጦ። የቀሩት በጩኸቷ ዳኑ።

የመጀመሪያው ደንበኛ መምህሩ ነበር፤ ፊቱ በአረፋ ተለውሶ አንገቱን አቅንቷል።

«ቲማቲም እንዴት ነው፣ መምህር?»

«ጥሩ ነው» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ማሳደግስ?»

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። «በጣም… ደስ ይለኛል።»

አንዱን ዕቃ ከነችግኙ ታቅፎ ወጣ። ቀጥሎ ታክሲ ነጂው ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ምን ላድርገው፣ ታክሲው ላይ ልትከለው?»

«የእናትህ ግቢ የት ሄዶ? ቀና በል።»

እሱም ተሸክሞ ወጣ። የተከረከሙትን ልብስ ሰፊዋ ሳትላጭ በፈቃዷ ወሰደች፤ «የተበላሸ ቅድ ማቃናት ለምጄዋለሁ» አለች። ቀና በል በደስታ መሬት አልበቃው አለ፤ ከራስ ወደ ራስ እየተሽከረከረ፣ «ሰው እኮ ካስረዱት ይገባዋል!» ይል ነበር።

አንድ ዕቃ ብቻ ሲቀር የጠረጋው አለቃ ራሱ ገባ፤ ቦት ጫማው ጭቃ ነው፣ ካፖርቱ ደረቱ ላይ አብጧል። «ሠራተኞቼ እዚህ እስኪደርሱ ጢሜን አንሳልኝ።»

ቀና በል ጨርቁን አለበሰው፣ አረፋውን ቀባው፣ ምላጩን አሳረፈ። «አለቃ፣ ቲማቲም…»

«እወስዳለሁ» አለ አለቃው። «መንገዱ ሁሉ ስለ አንተ ያወራል። ጓሮም አለኝ። አንተም ግን አንድ ነገር ትቀበለኛለህ።»

ጨርቁ ደረቱ ላይ ተንቀሳቀሰ። አለቃው በእጁ ገለጥ ሲያደርገው፣ ከካፖርቱ አዝራሮች መካከል ጭቃ የነካት የድመት ግልገል አንገቷን አወጣች።

«ከዚሁ ቦይ፣ ከላይ በኩል ነው ያገኘኋት። እኔ ቤት ውሻ አለ።»

ቀና በል ሱቁን አሰበ፤ ሚስቱን አሰበ፤ ሚስቱ ድመት ስታይ እንደምታስነጥስ አሰበ። አፉን ከፈተ። አለቃው ምላጩ ጉሮሮው ላይ እንዳለ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ በመስታወቱ ውስጥ ይጠብቀዋል።

«እሺ» አለ ቀና በል።