አግዳሚዎቹ ተዝካር የሄዱ ዕለት

ቆሰበር ከተማ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሳለሁ የወንዙ ድልድይ ግንዱ በስብሶ ግማሹ ወደቀ። ይጠገን በሚለው ላይ የተቃወመ ሰው አልነበረም። የጐዳንም ይኸው ነው። ተቃዋሚ ቢኖር አንዱ ይረታና ነገሩ ይለያል፤ ሁሉም ሲስማማ ግን እያንዳንዱ መስማማቱን በየተራው መናገር አለበት።

ባለቤቴ እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። የእናቷ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ መርፌ የሚወጋው፣ በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር ያለው ከወንዙ ወዲህ ነው። ክረምት ሲገባ ያን ወንዝ በቅሎም አይደፍረው። ይህን ስለ ድልድዩ በየሳምንቱ ለሚቀመጠው ጉባኤ አልተናገርሁም። የቤትን ጉዳይ ቢሮ ይዞ መግባት ነውር ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። የእኔ ሥራ የተባለውን መጻፍ ነበር።

አግዳሚዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ይደረደራሉ፤ ሰው በማዕረጉና በዕድሜው ይቀመጣል። ትልቅ ሰው አርፍዶ ሲገባ ሁላችን እንነሣለን። «ኧረ በእግዜር፣ አትነሡ!» ይላሉ፤ የሚሉት ግን ከተነሣን በኋላ ነው። የበላዩን ቦታ ለመልቀቅ ሁሉም ወደ በሩ ይንሸራተታል። ከዚያ እንዳይከፋቸው ነገሩ ከሥሩ ይነገራቸዋል። ተነግሮ ሲያበቃ ሌላ ትልቅ ሰው ይገባል። የገጠር ሽማግሌ በአገውኛ ሲናገር ደግሞ በአማርኛ ይተረጐማል። አገውኛ የማይሰሙት የወረዳው ገዢ፣ ቀኛዝማች ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ትርጉሙ ላይ ያንቀላፋሉ። ሲመሽ «ለሳምንት ይደር» ይባላል። ያድራል።

ሰኔ ተጋመሰ። በአንዱ የስብሰባ ጧት ስደርስ ክፍሉ ባዶ ነው። ከከተማው ነጋዴዎች አንዱ የአባቱን ተዝካር እያወጣ ስለነበር ዘበኛችን አግዳሚዎቹን አውሶታል።

«ሁሉንም?» አልሁት።

«የሙት ነገር ነው ጋሼ፤ ግማሹን ልከልክል?»

«የቀኛዝማችስ ወንበር?»

«እሱን የንስሐ አባቱ ይቀመጡበታል።»

ሰዎቹ መጡ። መቀመጫ ስለሌለ ማን ከማን በላይ እንደሆነ አልታወቀም፤ ቆመን ጀመርን። አንድ አዛውንት አርፍደው ሲገቡ የሚነሣላቸው አልነበረም፤ ቀድሞውንም ቆመናል። ነገሩ ከሥሩ ሊነገራቸው ሲጀመር ጉልበታቸውን ያዝ አደረጉና፣

«ድልድዩ አይደለም እንዴ? ትናንት በቅሎዬን ሊሰብርብኝ ነበር! ግንዱን ማን ይቁረጥ?» አሉ።

«የማዶው ሰው ይቁረጥ፤ የወዲሁ ይጐትት» አለ አንዱ።

«መቼ?»

«ነገ።»

ቀኛዝማች አንዱን እግራቸውን አሳርፈው በሌላው ቆመዋል። «የሚቃወም አለ?» አሉ። ማንም አልተቃወመም። «እንግዲያስ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ተዝካሩ እንድረስ።»

ቃለ ጉባኤው ከጻፍኋቸው ሁሉ አጭሩ ነው።

ድልድዩ ወንዙ ሳይሞላ ቆመ። ሐምሌ ላይ ባለቤቴ ሴት ልጅ ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ድሬሰሩ ከነቦርሳው በድልድዩ ተሻግሮ ደረሰ፤ መርፌ ወጋት፤ ደሙ ቆመ። ከድልድዩ በታች ያለው ውኃ የወደቀ ዛፍ ይዞ ይሄድ እንደነበር ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ሁሉ ቆመን ይሁን ብዬ ለቀኛዝማች አመለከትሁ። «መቀመጫ የሌለን ደሀ ልታስመስለን ነው?» አሉኝ። አግዳሚዎቹ ከተዝካሩ ተመለሱ፤ እኛም ተመልሰን ተቀመጥን። ሰው ማክበር ደግ ነገር ነው፤ ለልጆቼም አስተምሬያለሁ። ወንዝ ሲሞላ ግን መከባበር አያሻግርም። ላረፈደ ሰው ነገርን ከሥሩ መድገምም በሰዓቱ የመጣውን መቅጣት ነው።

ያቺ ልጅ አሁን ዳንግላ ቢሮ ትሠራለች። ስትመጣ፣ «አባዬ፣ ስብሰባ ሲያደክመኝ ዋለ» ትለኛለች።

«ተቀምጣችሁ ነው?»

«ታዲያ ቆመን ልንሰበሰብ ነው?»

«እናትሽን ያተረፋት ቆሞ የተደረገ ስብሰባ ነው» እላታለሁ።

ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው። ራቷን ትበላለች።